ቀን ቈጣሪዎችና ትጉሃን አገልጋዮች

ጌታው ሩቅ አገር የሄደበት አገልጋይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጌታዬ መቼ ይመጣ ይሆን እያለ ከደጅ ተቀምጦ መንገዱን ሲመለከት ይውላል፤ ከብቱ ውሃ ሳይጠጣ፥ እርሻው ሳይታረስ፥ ቤቱ ሳይጠረግ ይመሻል። ሁለተኛው ግን ጌታዬ በፈቀደው ጊዜ ይምጣ ብሎ ከብቱን ያጠጣል፥ እርሻውን ያርሳል፥ ሲመሽም መብራቱን አብርቶ ይቈያል። ሁለቱም ጌታቸውን ይጠብቃሉ፤ ነገር ግን ጌታው በተመለሰ ጊዜ ደስ የሚሰኘው በየትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም።

የክርስቲያን ሃይማኖት የመጠባበቅ ሃይማኖት ነው። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በደነገጉት የሃይማኖት መግለጫ ውስጥ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሕያዋንና በሙታን ላይ ሊፈርድ እንደሚመጣ ተጽፏል። ኦርቶዶክሱም፥ ካቶሊኩም፥ ወንጌላዊውም በብዙ ነገር ቢለያዩ በዚህ ተስፋ አይለያዩም። ይሁን እንጂ ተስፋው የሁሉ ሲሆን በየዘመኑ ከሰው መካከል ተነሥተው፥ እኛ ቀኑን ደርሰንበታል፥ ቈጥረን አግኝተነዋል የሚሉ አልታጡም። የቈጠሩት ቀን ሁሉ መጥቶ አልፏል።

በአስተማሪነት በኖርሁበት ዘመን ወጣቶች ደጋግመው ያቀረቡልኝ ጥያቄ ይህ ነበር፤ «ይህን ያህል ጊዜ ይመጣል እየተባለ ካልመጣ፥ እንግዲህ ስሕተቱ የመጽሐፉ ነው ወይስ የሰዎቹ?» ጥያቄው የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። በዚህ ምክንያት እምነታቸውን የጣሉ ብዙ ናቸው፤ ጥሪታቸውን ሸጠው ለልመና የተዳረጉም አሉ። ስለዚህ መልሱን ከሰው አፍ ሳይሆን ከራሱ ከመጽሐፉና ከታሪክ ብንፈልገው ይሻላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት የኢትዮጵያ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዬ ልብ ይበል።

በመጀመሪያ መጽሐፉ ራሱ ምን ይላል? ደቀ መዛሙርቱ በደብረ ዘይት ተራራ ላይ ጌታን ለብቻቸው ቀርበው ስለ መምጣቱ ምልክት ጠየቁት። እርሱም ስለ ጦርነት፥ ስለ ረኃብ፥ ስለ ምድር መናወጥና ስለ ሐሰተኞች ነቢያት ነገራቸው፤ ስለ ቀኒቱና ስለ ሰዓቲቱ ግን ከአብ በቀር የሚያውቃት እንደሌለ፥ የሰማይ መላእክት እንኳ እንደማያውቋት አስረዳቸው። ይህ በማቴዎስ ወንጌል በ24ኛው ምዕራፍ የሚገኝ ነው። ከትንሣኤውም በኋላ፥ ሊያርግ ሲል፥ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ ቢያቀርቡለት ዘመኑን ማወቅ የእነርሱ ፈንታ እንዳልሆነና የእነርሱ ፈንታ ምስክርነት እንደ ሆነ ነገራቸው። ይህም በሐዋርያት ሥራ በመጀመሪያው ምዕራፍ ተጽፏል።

እንግዲህ እናስተውል። መጽሐፉ አንድ ነገር ይሰጣል፥ አንድ ነገር ይከለክላል። የሚሰጠው ተስፋውን ነው፤ የሚከለክለው ቀኑን ነው። የመጽሐፉን ሥልጣን እቀበላለሁ የሚል ሰው የሰጠውን ብቻ ሳይሆን የከለከለውንም መቀበል ይገባዋል። አባቱ የሰጠውን እርሻ ተቀብሎ አባቱ የቈለፈውን ሣጥን የሚሰብር ልጅ አባቱን አክብሯል አይባልም።

ይህ ፈተና ገና ከመጀመሪያው በሐዋርያት ዘመን ታይቷል። ቅዱስ ጳውሎስ በ50 ዓ.ም. ገደማ በተሰሎንቄ ከተማ ወንጌልን ከሰበከ በኋላ ብዙ ሳይቈይ፥ የጌታ ቀን ደርሷል የሚል ወሬ በምእመናኑ መካከል ገብቶ እንዳናወጣቸው ሰማ። ደግሞም ከመካከላቸው ሥራቸውን ትተው በሰው ጉዳይ እየገቡ የሰው እንጀራ የሚበሉ ነበሩ። ሐዋርያው በሁለተኛይቱ መልእክቱ በወሬ እንዳይናወጡ ከመከራቸው በኋላ፥ ሊሠራ የማይወድ ሰው አይብላ የሚለውን ትእዛዝ አስታወሳቸው። ይህን የጻፈው ራሱ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ የሚኖር ሰው ነው። የጌታን መምጣት ከእርሱ ይበልጥ የሚናፍቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ናፍቆቱ መርፌውን አላስጣለውም።

ከዚህም መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል በኋላ የሆነውን ደግሞ አቡሊዲስ ጽፎልናል። አቡሊዲስ የምንለው ፈረንጆች ሂፖሊተስ የሚሉት የሮማ ሰው ሲሆን፥ ስሙ በሃይማኖተ አበው መጽሐፋችንም ይገኛል። በ204 ዓ.ም. ገደማ የትንቢተ ዳንኤልን ትርጓሜ ሲጽፍ በዘመኑ የሆኑ ሁለት ነገሮችን ለማስጠንቀቂያ ተርኳል።

የመጀመሪያው በሶርያ የሆነ ነው። አንድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ መጻሕፍትን በሚገባ ሳይመረምር ብዙ ወንድሞችን ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው አስከትሎ፥ ክርስቶስን እንቀበላለን ብሎ ወደ በረሓ ይዟቸው ወጣ። በተራራና በመንገድ ላይ ሲንከራተቱም የአገሩ ገዢ ወንበዴዎች መስለውት ሊያስፈጃቸው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ያዳናቸው የገዢው ሚስት ክርስቲያን ስለ ነበረችና ስለ እነርሱ ስለ ለመነች ነው።

ሁለተኛው በጥቁር ባሕር ዳር ባለው በጰንጦስ አገር የሆነ ነው። በዚያ የነበረው አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አቡሊዲስ ራሱ ትሑትና እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እንደ ነበረ ይመሰክርለታል። ጥፋቱ መጻሕፍትን ከመመርመር ይልቅ ያየውን ሕልም ማመኑ ነበር። አንድ ሕልም አየ፤ ሁለተኛም አየ፤ ሦስተኛም አየ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ነቢይ መናገር ጀመረ። በመጨረሻም ከአንድ ዓመት በኋላ ፍርድ ይሆናል ብሎ ለምእመናኑ አስታወቀ። ይህም አልበቃውም፤ የተናገርሁት ሳይፈጸም ቢቀር ከእንግዲህ ወዲህ መጻሕፍትን አትመኑ፥ እያንዳንዳችሁ የወደዳችሁትን አድርጉ አላቸው።

ወጣቶች ሆይ፥ በዚህች ንግግር ላይ ጥቂት እንቈይ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር ያለው በእርስዋ ውስጥ ነውና። ይህ ሰው ምን አደረገ? የራሱን ሕልም ከእግዚአብሔር ቃል ጋር በአንድ ገመድ አሰረው። ሕልሙ ሲወድቅ ቃሉንም ይዞት እንዲወድቅ አደረገ። መጽሐፉ ያልተናገረውን በመጽሐፉ ስም ተናገረ፤ ለተናገረውም ነገር የመጽሐፉን ክብር መያዣ አድርጎ ሰጠ። ሰው የራሱን ቤት ለዕዳው መያዣ ቢሰጥ መብቱ ነው፤ የጌታውን ቤት መያዣ ቢሰጥ ግን ምን ይባላል?

ምእመናኑም ስላመኑት ዓመቱን ሁሉ ቀንና ሌሊት በልቅሶና በጸሎት አሳለፉ። መሬታቸውን ሳያርሱ ተዉት፤ የሚበዙትም ንብረታቸውን ሸጡ። ዓመቱ ተፈጸመ፥ ምንም አልሆነም። አለቃቸው አፈረ። ገበሬዎቹ ወደ እርሻቸው ተመለሱ፤ ለእግዚአብሔር ብለው በድንግልና የተቀመጡት ሴቶች ባል አገቡ፤ ንብረታቸውን የሸጡት ግን በመጨረሻ ሲለምኑ ተገኙ። አንድ ሰው መጽሐፉ ዝም ባለበት ቦታ ስለ ተናገረ የአንድ አገር ሕዝብ እንጀራውን አጣ።

ይሁን እንጂ አቡሊዲስም ራሱ ከመቍጠር አላመለጠም። ሙሴ ያሠራት የቃል ኪዳኑ ታቦት ርዝመትዋ ሁለት ክንድ ተኩል፥ ወርድዋ አንድ ክንድ ተኩል፥ ቁመትዋ አንድ ክንድ ተኩል ነው፤ ድምሩ አምስት ክንድ ተኩል ይሆናል። ከዚህም ተነሥቶ ክርስቶስ የተወለደው ዓለም በተፈጠረ በ5500 ዓመት ነው አለ። በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺ ዓመት ነውና፥ ዓለምም በስድስት ቀን ተፈጥሯልና፥ ስድስት ሺ ሲሞላ የዓለም ሥራ ያበቃል ብሎ አሰበ። በዚህ ስሌት የመጨረሻው ዘመን በ500 ዓ.ም. ገደማ ይውላል። ለእርሱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል የሚርቅ ስለ ነበረ ይህን ያለው ሕዝቡን ለማረጋጋት እንጂ ለማስደንገጥ አልነበረም። ዳሩ ግን 500 ዓመተ ምሕረትም በጊዜው መጥቶ እንደ ማንኛውም ዓመት አለፈ።

5500 የሚለው ቍጥር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የእኛም አባቶች ዓመተ ዓለምን የሚቈጥሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዓመት ብለው ነውና። ስድስት ሺው ካለፈ በኋላ የብዙ ሰው ዓይን ወደ ሰባት ሺው መፈጸሚያ ዞረ። ፍጥረት በሰባት ቀን እንደ ተፈጸመች የዓለምም ዕድሜ በሰባት ሺ ዓመት ይፈጸማል፥ ስምንተኛው ሺ የፍርድና የመከራ ዘመን ነው የሚል አሳብ በምሥራቅ ክርስቲያኖች ዘንድ ተስፋፋ። በአማርኛችን ውስጥ እስካሁን ያለው «ስምንተኛው ሺ» የሚለው አነጋገር የዚህ አሳብ ቅርስ ነው።

መስኮቦች የሚቈጥሩት በቍስጥንጥንያ ልማድ ስለ ነበረ ሰባት ሺው የተፈጸመባቸው በ1492 ነው። የፋሲካቸው መቍጠሪያ ሠንጠረዥ እንኳ የተሠራው እስከዚያው ዓመት ድረስ ብቻ ነበር። ዓመቱ አልፎ ፀሐይ እንደ ልማድዋ በወጣች ጊዜ አባቶች ለሚመጣው ዘመን አዲስ የፋሲካ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። ቤተ ክርስቲያንን የሚቃወሙ ሰዎችም፥ የአባቶቻችሁ ጽሑፍ ሐሰት ሆነ እያሉ ያፌዙ ጀመር።

በዚያን ጊዜ የኖቭጎሮድ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ጌናዲ ያደረገው ነገር ሊነገር የሚገባው ነው። ከተቃዋሚዎች ጋር ሲከራከር መጽሐፍ ቅዱስ በአገሩ ቋንቋ በአንድ ጥራዝ ተሟልቶ እንደማይገኝ ተረዳ፤ አንዳንዱ ክፍል ከነጭራሹ አልተተረጐመም ነበር። ስለዚህ ሊቃውንትን ሰብስቦ ያለውን አሰባሰበ፥ የጐደለውን ከላቲን አስተረጐመ፤ በ1499 በስላቮን ቋንቋ የመጀመሪያው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ተፈጸመ። ኋላም በ1581 በኦስትሮግ ከተማ ለታተመው መጽሐፍ ቅዱስ መሠረት የሆነው ይኸው ነው። እንግዲህ አንድ ስሌት ሲወድቅ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መጽሐፉን መዝጋት ነው፤ ሌላው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር መክፈት ነው። ጌናዲ ሁለተኛውን መረጠ።

በአገራችን ደግሞ ሰባት ሺው የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነበር። በዚያን ጊዜ በዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ናዖድ ናቸው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት እንደሚለው ንጉሡ ስምንተኛውን ሺ እንዳያሳያቸው እግዚአብሔርን ይለምኑ ነበር። በእውነትም ዐፄ ናዖድ ዓመቱ ሊፈጸም ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ዐረፉ። በስምንተኛው ሺ መግቢያ ላይ መንግሥቱን የወረሱት ልጃቸው ልብነ ድንግል ሕፃን ስለ ነበሩ ንግሥት እሌኒ በሞግዚትነት አስተዳደሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን በእርግጥ የመከራ ዘመን ሆነ። በ1521 በኢትዮጵያ አቈጣጠር በሽምብራ ኵሬ የንጉሡ ጦር በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ተሸነፈ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፥ መጻሕፍት ነደዱ፥ ንጉሡም ከተራራ ወደ ተራራ ሲሰደዱ ኖረው ዐረፉ። ያን ዘመን ያየ ሰው ስምንተኛው ሺ መጣ፥ አለቀልን ቢል ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን አላለቀም። ሕዝቡ ተረፈ፥ የፈረሰው ተሠራ፥ የተቃጠለው መጽሐፍ በተረፈው ቅጂ ተተካ። ከየመን መጥቶ በክርስትና የመነኰሰውና የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበረው አባ ዕንባቆም፥ አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ በ1540 ለኢማሙ የጻፈው አገር በምትቃጠልበት በዚያው ዘመን ነው። ዕንባቆም የዓለምን መጨረሻ ቀን ከመቍጠር ይልቅ ብራናውን ዘርግቶ የሚያምነውን ነገር በማስረጃ ጻፈ።

ዛሬ ስምንተኛው ሺ ከገባ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን አንድ እንግዳ ነገር ባየ ቍጥር ስምንተኛው ሺ ሊገባ ነው ይላል። ጥጃ ሁለት ራስ ይዛ ብትወለድ፥ ልጅ አባቱን ቢሳደብ፥ በሽታ ቢነሣ፥ ገና እንደሚመጣ አድርጎ ያወራል። ወሬ እንዲህ ናት፤ የተነገረችበት ጊዜ ካለፈም በኋላ ልብስዋን ለውጣ ትመለሳለች።

ከሁሉም ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠን ግን በአሜሪካ በ1844 የሆነው ታሪክ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ሰው ሕልም የሚያይ ሳይሆን መጽሐፍ የሚመረምር ነበርና። ዊልያም ሚለር በ1782 የተወለደ ገበሬ ነው። በ1812 በተጀመረው የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦርነት በመቶ አለቅነት አገልግሏል። በጐልማሳነቱ፥ እግዚአብሔር ዓለምን ፈጥሮ ትቶታል የሚሉ ሰዎችን አሳብ ይከተል ነበር፤ በ1816 ግን ወደ ክርስትና ተመለሰ። ወዳጆቹ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን አስቸጋሪ ነገር እያነሡ ቢሞግቱት፥ እኔው ራሴ እመረምረዋለሁ ብሎ ከዘፍጥረት ጀምሮ ቍጥር በቍጥር ያነብ ጀመር። ያልገባውን ሳይረዳ ወደሚቀጥለው አያልፍም ነበር።

በትንቢተ ዳንኤል በ8ኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ፥ መቅደሱ እስኪነጻ ድረስ ስለሚቈጠሩት 2300 ቀኖች አነበበ። አንዱን ቀን እንደ አንድ ዓመት ቈጠረው። መነሻውንም የፋርስ ንጉሥ አርጤክስስ ዕዝራን ወደ ኢየሩሳሌም ከላከበት ዓመት፥ ማለት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ457 ዓመት ጀመረ። ከ2300 ላይ 457 ሲቀነስ 1843 ይሆናል። መቅደሱ ምድር ናት፥ መንጻትዋም በጌታ መምጣት ነው ብሎ ስለ ተረጐመው፥ ጌታ በ1843 ገደማ ይመጣል ከሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። እዚህ የደረሰው በ1818 ነው። ሚለር ችኩል ሰው አልነበረም፤ በአደባባይ ሳይሰብከው ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቈይቷል። በ1831 መስበክ ከጀመረ በኋላ ግን ነገሩ በጋዜጣና በታላላቅ ጉባኤ ተስፋፍቶ ብዙ ዐሥር ሺ ሰው ተከተለው።

የተባለው ጊዜ አለፈ። ያን ጊዜ ከተከታዮቹ አንዱ አዲስ ስሌት አመጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ካለው ከአንደኛው ዓመት ቀጥሎ የሚመጣው ከልደት በኋላ ያለው አንደኛው ዓመት ነው፤ በመካከላቸው ዜሮ የሚባል ዓመት የለም። ስለዚህ 2300 ዓመት የሚሞላው በ1843 ሳይሆን በ1844 ነው። የሂሳብ አስተማሪ ሆኖ ይህን የሚነቅፍ የለም፤ መደመሩም መቀነሱም ልክ ነው። የአይሁድ የማስተስረያ ቀን በዚያ ዓመት በጥቅምት ሃያ ሁለተኛው ቀን፥ ማክሰኞ ዕለት ይውላል ተብሎ ቀኑ ተቈረጠ። ሚለር ራሱ ለረጅም ጊዜ ቀን መቍረጥን ሲፈራ ኖሮ፥ ይህን ቀን የተቀበለው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት ነው።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። ከገበሬዎቹ አንዳንዶቹ የዘሩትን ሳይሰበስቡ ተዉት፤ አንዳንድ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘጉ። በዚያች ሌሊት በየቤቱና በየጸሎት ስፍራው ተሰብስበው ሲጠባበቁ ዐደሩ፤ ሌሊቱ ነጋ፥ ጌታም አልመጣም። እስኪነጋ ድረስ እንዳለቀሱ ከመካከላቸው የነበሩት በኋላ ጽፈዋል። ያ ቀን እስከ ዛሬ በታሪክ መጻሕፍት «ታላቁ የተስፋ መቍረጥ ቀን» እየተባለ ይጠራል። ለሳቀባቸው ሰው የሚያስቅ ነገር አይጠፋም፤ እኔ ግን በእነዚህ ሰዎች ላይ መሳቅ የሚገባ አይመስለኝም። ጌታን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ፤ የሚወዱትን አንድ ሌሊት ሙሉ ጠብቀው ሳያገኙት ነጋባቸው።

ስሕተቱ እንግዲህ ከወዴት ነበር? መደመሩ ልክ ነው ብለናል። ትጋቱም የሚመሰገን ነው። ስሕተቱ የነበረው ሂሳብ የሚሠራበት ስፍራ ያልሆነውን ስፍራ በሂሳብ ለመክፈት መሞከሩ ነው። ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ቍጥር በቍጥር ያነበበው ሰው፥ ቀኒቱን ማንም እንደማያውቃት የሚናገረውን ቃልም አንብቦት ነበር። ነገር ግን በ2300 ላይ የቆመው ልቡ በዚህኛው ላይ እንደዚያው አልቆመም። አስቸጋሪውን ምሥጢር እፈታለሁ ሲል ግልጹን ትእዛዝ አለፈው። መጽሐፍን ብዙ ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ ጥላ ያለበትን ክፍል ብርሃን ባለበት ክፍል መተርጐም ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ሰዎቹ በሦስት ተከፈሉ። አንዳንዶቹ መጽሐፉንም ተስፋውንም ጣሉ። አንዳንዶቹ ሌላ ቀን ይቈጥሩ ጀመር፤ ያም አለፈ። ሌሎቹ ግን ቀን መቍረጥን ትተው ተስፋውን ያዙ። ሚለር ራሱ በጊዜው ቍጥር መሳሳቱን በግልጽ አምኖ፥ የጌታን መምጣት ግን ተስፋ እያደረገ በ1849 ዐረፈ። ከእነዚያ ተጠባባቂዎች መካከል ሰንበትን የሚያከብሩት በ1863 በማኅበር ተደራጁ፤ ከዚያ ወዲህም ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በብዙ አገር ሠሩ። በአዲስ አበባ ያለውን የዘውዲቱን ሆስፒታል የሠሩትና በደርግ ዘመን የመንግሥት ንብረት እስኪሆን ድረስ ያስተዳደሩት እነርሱ ናቸው። በትምህርታቸው የማይስማማ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት ያለቀሱት ሰዎች ወራሾች በሩቅ አገር በሽተኛ ማስታመማቸውን ማንም ሊክድ አይችልም። ጌታ ይመጣል ብሎ ከመስኮት አጠገብ መቀመጥና ጌታ ይመጣል ብሎ የበሽተኛን ቍስል ማጠብ ከአንድ እምነት የሚወጡ ሁለት ሥራዎች ናቸው። የትኛው እንደሚሻል ግን ከጌታ ምሳሌዎች መማር ይቻላል።

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ቢኖር፥ በ2011 የሆነውን ያስታውስ። ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለ የካሊፎርኒያ የራዲዮ ሰባኪ ጌታ በዚያ ዓመት በሜይ ወር በሃያ አንደኛው ቀን ይመጣል ብሎ በብዙ አገር አስነገረ፤ በየመንገዱም ታላላቅ ማስታወቂያ ተሰቀለ። ይኸው ሰው ከዚያ በፊት ስለ 1994 እንዲሁ ተናግሮ ነበር። ለዚሁ ጉዳይ ያጠራቀሙትን ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ነበሩ። ቀኑ አለፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሰውዬው ቀን መቍረጡ ኀጢአት እንደ ነበረ በጽሑፍ አመነ። የጰንጦሱ ሰው ከሞተ ከ1800 ዓመት በኋላ ያው ታሪክ ተደገመ ማለት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሁን ደግሞ በመልካም ምሳሌነት የሚጠቀስ አንድ ሰው ላሳያችሁ። በ1780 በሜይ ወር በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ጠዋት ወጥታ የነበረች ፀሐይ ጠፍታ ቀኑ እንደ ሌሊት ጨለመ። ዶሮዎች ወደ ማደሪያቸው ገቡ፤ ሰዎች በእኩለ ቀን ሻማ አበሩ። ምክንያቱ የታላላቅ ደን ቃጠሎ ጢስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ መሆኑ በኋላ ታውቋል፤ በዚያን ቀን ግን ብዙ ሰው የፍርድ ቀን ደረሰ ብሎ ተንቀጠቀጠ። በሃርትፎርድ ከተማ ተሰብስቦ የነበረው የኮነቲከት ምክር ቤት ፈርቶ ተበተነ፤ የላይኛው ሸንጎም እንዲሁ ይበተን የሚል አሳብ ቀረበ። ከአማካሪዎቹ አንዱ የነበሩት አብርሃም ዳቨንፖርት ግን አልተስማሙም። የፍርድ ቀን አልደረሰ እንደ ሆነ የምንበተንበት ምክንያት የለም፤ ደርሶም እንደ ሆነ እኔ በሥራዬ ላይ ሆኜ ልገኝ እወዳለሁ፤ ስለዚህ ሻማ ይምጣልን ማለታቸው ይነገራል።

ዳቨንፖርት ፍርዱ አይመጣም አላሉም። ፍርዱ ዛሬ ነው ብለውም ሥራቸውን አልጣሉም። ሁለቱንም በእግዚአብሔር እጅ ትተው በእጃቸው ያለውን ሥራ ቀጠሉ። ከኒቅያ አባቶች ጀምሮ ሲነገር የኖረው ተስፋ በአንድ ሰው ኑሮ ላይ ሲውል እንዲህ ይመስላል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረውን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፥ የመጽሐፍ ሥልጣን ማለት መጽሐፉ የተናገረውን መቀበል፥ ዝም ያለበትንም ስፍራ ማክበር ነው። ያልተጻፈውን እንደ ተጻፈ አድርጎ የሚናገር ሰው፥ ቃሉ ምንም መንፈሳዊ ቢመስል፥ በመጽሐፉ ላይ የራሱን ሥልጣን አኑሯል።

ሁለተኛ፥ የሰማችሁትን ሁሉ መርምሩ። የቤርያ ሰዎች ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ ሲሰብክላቸው እንኳ፥ ነገሩ እንደዚህ ይሆንን እያሉ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፤ ስለዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተነቀፉም። እናንተ ደግሞ የምትመረምሩበት መሣሪያ አላችሁ። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ በካይሮ ተቀምጦ ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ ወደ አማርኛ የመለሰው መጽሐፍ ቅዱስ ተሟልቶ ከታተመ ከ1840 ጀምሮ፥ ማንበብ የሚችል ሁሉ በገዛ ቋንቋው ሊመረምረው ይችላል። ዛሬ ወሬ በስልክ ከአገር አገር በአንድ ደቂቃ ይደርሳል። ቀን ቈርጦ የሚነግራችሁ ሰው ሲመጣ ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ይህ የተጻፈው በየትኛው ምዕራፍ ነው? ደግሞስ ሽጡ የምትለንን የሚገዛው ማን ነው?

ሦስተኛ፥ ቈጣሪዎች ስለ ወደቁ ተስፋው ወደቀ አትበሉ። ሐሰተኛ ብር የሚሠራው እውነተኛ ብር ስላለ ነው፤ ሐሰተኛው በተያዘ ቍጥር እውነተኛውን የሚጥል ነጋዴ የለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተቈጠሩት ቀኖች ሁሉ አልፈዋል፤ ቀኒቱን ማንም አያውቅም ያለው ቃል ግን አንድም ጊዜ ሐሰት ሆኖ አልተገኘም። ተማሪዎቼ ላቀረቡልኝ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። እያንዳንዱ የወደቀ ስሌት መጽሐፉን አላፈረሰም፤ መጽሐፉ አስቀድሞ የተናገረውን አጸና።

አራተኛ፥ ሥሩ። ጌታ ስለ መምጣቱ በነገራቸው ምሳሌዎች ውስጥ የተመሰገኑት አገልጋዮች ሰዓቱን ያወቁት አይደሉም። በመክሊታቸው የነገዱት፥ መብራታቸውን ያበሩት፥ ለባልንጀሮቻቸው ምግባቸውን በጊዜው የሰጡት ናቸው። በመጨረሻውም ፍርድ የሚጠየቀው ጥያቄ የተራበውን አበላችሁን፥ የታረዘውን አለበሳችሁን፥ የታሰረውን ጠየቃችሁን የሚል እንጂ ዓመቱን በትክክል ቈጠራችሁን የሚል አይደለም።

ስለዚህ፥ ወጣቶች ሆይ፥ ተማሪ የሆነ ትምህርቱን ይማር፤ ገበሬ የሆነ እርሻውን ይረስ፤ ዛፍ የሚተክልም ፍሬውን ልጁ እንደሚበላው አስቦ ይትከል። ማታ ስትተኙ ጌታ በዚህች ሌሊት ቢመጣ የማታፍሩበትን ሕሊና ይዛችሁ ተኙ፤ ጠዋት ስትነሡም ሌላ ሺ ዓመት ቢቈይ ለሚመጣው ትውልድ የሚጠቅመውን ሥራ ጀምሩ። ቀኑን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ለእኛ የተሰጠን ዛሬ ነው።